የቅዳሜው ቀጠሮ

«ኧረ ጌታው፣ ተነስ እንጂ! ጡትም አስጠላህ?»

የሚጣ እናት የሕፃኑን እግር ኮረኮረች። የሚጣ የአምስት ቀን ወንድም ዓይኑን ሳይገልጥ ከንፈሩን አነቃነቀና ተመልሶ ተኛ።

«ተመስገን፣ ጨዋ ልጅ ነው። አንቺማ ሰፈሩን ሁሉ ነበር የምትቀሰቅሺው።»

ሚጣ አልሳቀችም። ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ክፍሉ ከተዘጋ ሰንብቷል። በብርቱካንማው መጋረጃ አልፎ የሚገባው ብርሃን የእናቷን እጅም፣ ነጩን አንሶላም ቢጫ አድርጎታል።

ሐሙስ ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ የሕፃኑ ግንባር ላይ አስነክታ ነበር። ብልጭ አለ፣ ቁጥር አወጣ። መርፌ የለ፣ ደም የለ፤ ሕፃኑ እንኳ አላለቀሰም።

«ትንሽ ቢጫነት አለው። ለዛሬ አያሰጋም፣ ግን ሊጨምር ይችላል። ቅዳሜ አምጡትና ደግመን እንለካዋለን» ብላ የቀጠሮ ካርዱን ጽፋ የሰጠችው ለሚጣ ነው። እናቷ ልብስ እየቀየረች ነበር።

ቅዳሜ ደግሞ የሚጣ ቡድን የመረብ ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ ነበረው። አባቷ በሥራ ምክንያት ከከተማ ወጥቷል፤ እናቷን ደግፎ የሚሄድ ከእሷ ሌላ ሰው የለም። እናቷ «ቀጠሮው መቼ ነው?» ስትላት «ሰኞ» አለች። በሁለት ቀን ምን ይመጣል ብላ። ቡድኗም አሸነፈ፤ ሜዳሊያም ተሸለመች።

ዛሬ እሑድ ነው።

ብድግ ብላ መጋረጃውን ገለጠችው።

«አንቺ! ብርድ ልታስመቺው ነው?»

«መስኮቱን አልከፈትኩም፣ እማ።»

አንሶላው ነጭ ሆነ። የእናቷም እጅ ወደ መልኩ ተመለሰ። ሚጣ የሕፃኑን የዓይን ሽፋን በቀስታ ከፍ አደረገች። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ነው። ሐሙስ ነርሷ ስታደርግ እንዳየችው ደረቱን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ እዚያም ቢጫ ነው።

«እማ፣ እንሂድ።»

«ቀጠሮው ነገ አይደል እንዴ?»

«አሁን። እባክሽ።»

ሆስፒታል ያገኙት ያችኑ ነርስ ነበር። መሣሪያውን ግንባሩ ላይ፣ ቀጥሎም ደረቱ ላይ አስነካች። ቁጥሩን አይታ ወደ እናትየዋ ዞረች።

«ከጠባ ስንት ሰዓት ሆነው?»

«ከሌሊት ወዲህ እንጃ» አለች እናቷ።

«ቢጫነቱ በጣም ጨምሯል። አሁን ደም ወስደን እናረጋግጣለን፤ ቢጫነቱን የሚቀንሰውን የብርሃን ሕክምናም ቶሎ እንጀምርለታለን። ቅዳሜ ለምን አላመጣችሁትም?»

«ቅዳሜ? ሰኞ ነው እኮ የተባልነው፣ ሲስተር።»

ነርሷ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። «ሰኞ? ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ… ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ተሳስቼ ይሆን?»

እናቷ ነርሷን አፍጥጣ አየቻት። ሚጣን ማንም አላያትም።

ሚጣ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች። «ቅዳሜ» የተጻፈበትን ካርድ ስትስበው የሜዳሊያው ጥብጣብ ተጠምጥሞበት አብሮ ወጣ። ሳትፈታው ለእናቷ ሰጠቻት።