ጮቄ ላይ የሰማሁት «አይዞሽ»

ስለ ዛርና ስለ መንፈስ ወሬ ሲነሳ ከመሐል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ነርስ ነኝ፣ የማምነው በሚለካ ነገር ነው፣ ትኩሳት፣ የደም ግፊት፣ እንዲህ ያለውን፣ ስለዚህ ይህን ሳወራችሁ «አበደች» አትበሉኝ፣ እኔው ራሴን ስንቴ ብያታለሁ።

ክረምት ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ጮቄ ተራራ ላይ ወዳለች አንዲት ቀበሌ የሕፃናት ክትባት ይዘን እየሄድን ነበር፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ጋሼ ዳምጤ። ጋሼ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፣ ሳቅና ተስፋ አያልቅባቸውም፣ እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ማማረር ልማዴ ነው። መኪናዋ ጭቃው ውስጥ አልንቀሳቀስ ስትል ሾፌሩ ከታች ቀረ፣ እኔ የክትባቱን ሳጥን አነገትኩ፣ ጋሼ ዱላቸውን ያዙና በእግር ጀመርነው።

«ጋሼ፣ ኧረ እኔ አልችልም፣ እንመለስ» አልኩ ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ።

«ይቺን ዳገት ብቻ፣ ትርንጎ። እግር የሚደክመው ልብ ሲቀመጥ ነው፣ አይዞሽ!»

«ቅድምም ይቺን ዳገት ብቻ ብለውኛል እኮ።»

«ቅድምም ወጣሻት እኮ!» አሉና ከኋላዬ ሳቁ።

ከዚያ ጉሙ ከሸለቆው እየተግተለተለ መጣ፣ በእኩለ ቀን፣ እመኑኝ፣ የዘረጋሁት እጄ ጠፋኝ። ረጃጅሙ የጅብራ ተክል ሁሉ ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው መሰለኝ። ተቀመጥኩ፣ ማልቀስም ቃጥቶኝ ነበር፣ ያኔ ከፊቴ ዱላ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ፣ ቋ፣ ቋ።

«አይዞሽ ትርንጎ፣ ይቺን ዳገት ብቻ።»

ጋሼ በጉሙ ውስጥ ቀድመውኝ አለፉ ብዬ ተነሳሁ። ስቆም ዱላው ይቆማል፣ ስራመድ ይቀጥላል፣ በየመሐሉ «አይዞሽ» ይለኛል፣ እኔም «እሺ ጋሼ» እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ፣ ጋሼ ዳገት ላይ ሲያወሩ ያለከልካሉ፣ ይህ ድምፅ ግን ትንፋሽም አልነበረውም።

አናቱ ላይ ስደርስ ጉሙ ገለጥ አለ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ የት ገቡ?» አልኳቸው።

«የምን ጋሼ? ብቻሽን አይደል እንዴ የመጣሽው?» አለችኝ አንዷ።

ሦስት ገበሬዎች ይዤ ወረድኩ። ጋሼን ያገኘናቸው አንድ ሰዓት ያህል ቁልቁል ከተጓዝን በኋላ ነው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ዞሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል።

«ምነው ቢጠሩኝ?» አልኩ።

«ስትጠሪኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ እንጂ። በግራ በኩል ሆነሽ ‹አይዞዎት ጋሼ፣ ትንሽ ይራመዱ፣ ደርሰናል› ትይኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ትርንጎ፣ አንቺ በሕይወትሽ ሰው አይዞህ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ከገበሬዎቹ አንዱ ወደ ግራ ጥቂት እርምጃ ሄደና ቀጥ አለ። ድንጋይ አንስቶ ወረወረ። ሲያርፍ አልሰማንም።

ልጆቹን በዚያው ዕለት ተመልሼ ከተብኳቸው። ጋሼ ጡረታ ወጡ፣ ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፣ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አንስተን አናውቅም፣ ያ ሳቃቸውም የለም። እኔን ከጉሙ ያወጣኝና እሳቸውን ወደ ገደል የጠራው አንድ ይሁን ሁለት፣ አላውቅም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ትርንጎ ጠነከረች፣ ማማረር ተወች» እያሉ ያመሰግኑኛል። እውነት ነው፣ ዳገት ላይም ሆነ ደረጃ ላይ ሲደክመኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። ደከመኝ ብል ማን እንደሚመልስልኝ አላውቅማ።