ጭራ ይዞ ማለፍ

«ስልኩን አምጪ» አለ ትራፊክ ፖሊሱ፣ እጁን በጋቢናው መስኮት አስገብቶ።

ልጅቷ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ መቅረጹን ግን አላቆመችም። ሚኒባሱ አንድ ጎማው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ከኋላ ተሳፋሪዎች ያጉረመርማሉ። አጎቷ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት ብቻ ያያል።

«መንገድ ላይ መቅረጽ መብቴ ነው» አለች።

«የእናትሽን ጡት ሳትጥዪ መብት ቆጠርሽ?» ትራፊኩ ፊቱን አስጠጋ። «መብትሽን ጣቢያ ወስጄ አሳይሻለሁ።»

ስልኩን ከእጇ መንጭቆ ወንበር ሥር ወረወረው። የአጎቷን መንጃ ፈቃድ ኪሱ ከተተና ቀይ መብራት ጥሰሃል፣ ነገ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ቅረብ ብሎ ሄደ። ስልኩ ወንበር ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

የሰፈር ሰው ይህችን ልጅ «ጠበቃዋ» ነው የሚላት። በትምህርት ቤት ስለ ሕገ መንግሥት መማር ከጀመሩ ወዲህ እናቷ ሳህን እጠቢ ማለት አቅቷታል፤ «በየትኛው አንቀጽ?» የሚል መልስ ነው የምታገኘው። ጎረቤት በዚህ ይስቃል። እናቷ ግን አትስቅም፤ ሳህኑ እንደተቆለለ ነውና።

የዚያን ዕለት ማታ ቪዲዮውን ቤት ውስጥ ከፈቱት። አጎቷ ትራፊኩ ስልክ ሲመነጭቅ ባየ ቁጥር ጉልበቱን ይመታ ነበር። በእጃችን ገባ፣ አሁን እሱ ነው የሚለምነኝ እያለ ቤቱን ዞረው። እናቷም ስትጸልይ የቆየችው ለዚህ ይመስል እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ከመጀመሪያው እንየው» አለች ልጅቷ።

ከመጀመሪያው ከፈተችው። መቅረጽ የጀመረችው ትራፊኩ ሳይመጣ ነበር፤ ለጓደኛዋ ልትልክ ምላሷን እያወጣች ስትቀልድ። ከዚያ ስልኩን ወደ መንገዱ አዞረችው። መብራቱ ቀይ ነው። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጥሶ ገባ። የአጎቷ ሚኒባስም ተከትሎ፣ ጭራውን ይዞ። ዜብራው ላይ ዘንቢል የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ኋላ ዘለሉ፤ ዘንቢሉ ከእጃቸው አመለጠ።

አጎቷ አልደነገጠም። ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው ብሎ አስረዳቸው፤ ትልቅ መኪና የገባበት መብራት ለጭራውም ይሠራል። እሱ ይህን ሕግ አላወጣም፣ ሲነዳ ያገኘው ነው። ደግሞስ የጭነት መኪናው ፊቱን ጋርዶት መብራቱን በየት በኩል ይየው?

«ካላየኸው አትገባም ነበራ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ለማን ነው የምትሟገቺው?»

መልስ ሳይጠብቅ የሚፈልገውን ነገራት። የመጀመሪያው ይቆረጥ። ቪዲዮው ከ«ስልኩን አምጪ» ይጀምር። ይህን ለእሷ ማስተማር አያስፈልግም፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዳ የምትውል ልጅ ናት።

«የገዛ ቪዲዮዬን አልቆርጥም። ያየሁትን መናገር መብቴ ነው።»

«ተናገሪ እንግዲህ» አለ አጎቷ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስለ እሱ ተናገሪ። ስለ እኔ ዝም በይ። ዝም ማለትም መብት ነው አይደል? ወይስ እሱ ገጽ ላይ ገና አልደረሳችሁም?»

ደርሰውበታል። እንዲያውም በፈተና መጥቶ በትክክል መልሳለች።

እናቷ ተከትላት ጓዳ ገባች። የዚህ ቤት እንጀራም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም ከዚያ መሪ እንደሚወጣ አስታወሰቻት፣ ያልታወሳት ይመስል። «የቤቱን ምሰሶ ነቅለሽ በየትኛው አንቀጽ ልታቆሚው ነው?» አለቻት። ሳቅ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

ልጅቷ ቆረጠችው። ጣቷ ላይ እንደ ቀልድ አለቀ። አጭሩ ያማረ ነበር፦ ትራፊኩ አውሬ፣ አጎቷ በግ። ሽማግሌው የሉም። ደጋግማ አየችው፤ ባየችው ቁጥር ይበልጥ እውነት እየመሰለ ሄደ። ያ ነው ያስፈራት።

በነጋታው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ኃላፊዋ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ ሁለቱን ወንዶች በየተራ አዳመጠች። አጎቷ መብራቱ አረንጓዴ ነበር አለ። ትራፊኩ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የልጅቷን ስልክ በጣቴም አልነካሁም አለ። ሁለቱም ዓይናቸውን ሳያሹ ነው የተናገሩት። ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ቪዲዮ አለኝ ብለሻል። አጎትሽ ነው፤ ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም።»

«ልጅ ምን ይኖራታል፣ ጨዋታ ነው» አለ ትራፊኩ ፈገግ ብሎ።

«አጭሩን» አለ አጎቷ በጥርሱ መሃል፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ስልኩን ከፈተች። ሁለቱ ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስልኩን መልሳ ኪሷ መክተት ትችላለች፤ ኃላፊዋ ፈቅዳላታለች። ያኔ ግን ትራፊኩም ፈገግ እንዳለ ይወጣል። አጭሩን ብትከፍት አጎቷ ዛሬውኑ መሪ ይጨብጣል፤ ነገም ሌላ ጭራ ይይዛል። ዘንቢል የያዘ ሰው ደግሞ መቼም አይጠፋም።

«ትንሽ ይረዝማል» አለች፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ።

አጎቷ ከጎኗ ሲነሣ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። ሄዶ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ዞራ ግን አላየችውም። ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችና ከፈተችው።