የሽባባው ብሎን

ጠጋ በሉ። እሳቱን አትቆስቁሱት፤ ይህን ነገር ሳወራ ብርሃን አልወድም።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ ልክ እንዳሁኑ። ጨረቃ የለችም፣ ሐይቁ ጥቁር ነው። እዚያ ጥቁር ላይ አንድ ጀልባ ብቻውን ይሄዳል። ከኋላው የተገጠመው አሮጌ ሞተር እያሳለ ይገፋዋል። ሞተሩን የያዘው አያናው የሚባል ሰው ነው። ከፊት ሴት ልጁ እናንየ ተጋድማለች። ምጥ ጠንቶባታል፤ አዋላጇ «ከአቅሜ በላይ ነው» ብላለች። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ነው። ታዲያ ባይሄድ ምን ያድርግ?

አያናው ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ክፉ ሠራ።

የሐይቅ ሰው ሕግ አለው። ሞተር የቆመበት ሰው ሸሚዙን መቅዘፊያ ላይ አስሮ ያቆማል። ያንን ያየ፣ ደመኛው እንኳ ቢሆን፣ አያልፍም። ገመድ ጥሎ ይጎትተዋል። ታዲያ ቀደም ብሎ አንድ ቀን አያናው ዓሣ ጭኖ ወደ ገበያ ሲጣደፍ፣ የጎረቤቱ የሽባባው ጀልባ መሃል ሐይቅ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ተሰቅሏል። ነፋስ ተነሥቷል።

«አያናው! ኧረ ገመድ ጣልልኝ!»

«ዓሣው ይበላሽብኛል! ከኋላዬ ሰው አለ፣ እሱ ይጎትትሃል!»

ከኋላው ሰው ነበር? ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ጀልባው ባዶውን ዳር ወጣ። ሽባባውን ሐይቁ አልመለሰውም። ታንኩ ግን ቤንዚን ሙሉ ነበር! ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ብሎን አለች። ቤንዚኑ እንዳይተን ማታ ትጠብቃለች፣ ጠዋት ትላላለች። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወጣም። ሽባባው እሷን ማላላት ረስቶ ሞተ። በሁለት ጣት ለሚፈታ ነገር!

ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። ሽባባው የቆመበት ቦታ ሲደርሱ ሞተሩ ሳል፣ ሳል አለና ቆመ።

አያናው በጨለማ ቱቦውን ተከትሎ በእጅ የሚጨመቀውን ጎማ ያዘ። ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚገፋው እሱ ነው። ጠጥሮ እምቢ ካለ ችግሩ ከሞተሩ በኩል ነው፤ ተጣብቆ ከቀረ ከታንኩ በኩል። ጎማው ተጣብቆ ቀርቷል። ብሎኗን ዳሰሳት። ጠብቃለች።

«ስንነሣ አላልቼያት አልነበር እንዴ?» አለ። ፈታት። ታንኩ ፉውውው ብሎ አየር ሳበ። ጎማውን እስኪጠጥር ጨመቀ፣ የማስነሻውን ገመድ ጎተተ፣ ሞተሩ ተነሣ።

ትንሽ ሄዱ። ሳል፣ ሳል፣ ቆመ።

ብሎኗን ዳሰሳት። ጠብቃለች። አሁን ደግሞ ረጥባለች።

«እናንየ፣ ታንኩን ነካሽው?»

«እኔ እዚህ ፊት ነኝ አባዬ። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ማነው?»

አያናው አልዞረም። እናንተ ትዞሩ ነበር? ብሎኗን ፈታት፣ ሞተሩን አስነሣ። የጀልባው ኋላ ግን ከባድ ሰው እንደተጫነው ወደ ውሃው ዝቅ አለ። ሞተሩ ቆመ።

እንደገና እጁን ሰደደ። ብሎኗን አላገኛትም። ያገኘው ጣት ነው። ቀዝቃዛ፣ ያበጠ ጣት፣ ብሎኗን ጨብጦ የያዘ።

«ሽባባው፣» አለ አያናው፣ «ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

«ከኋላዬ ሰው አለ ብለኸኝ አልነበር?» አለው ድምፁ። «ስጠብቅ፣ ስጠብቅ የሚመጣ አጣሁ። ይኸው ራሴ መጣሁ።»

«እሷ ምን አደረገችህ? እኔን ያዘኝና ብሎኗን ልቀቃት።»

ጣቱ ከብሎኗ ተነሣ። የአያናውን ቀኝ እጅ ያዘ። አያናው በግራው ብሎኗን ፈታ፣ ጎማውን ጨመቀ፣ ገመዱን ጎተተ። ሞተሩ ሲነሣ መሪውን ወደ ማዶ አቅንቶ በገመድ አሰረው። «አይዞሽ ልጄ» ሲል ሰምታዋለች። ከዚያ ውሃው ቦጭረቅ አለ፤ ጀልባው ቀለለ።

ጎህ ሲቀድ ጀልባው ማዶ ዳር አሸዋ ላይ ወጥቶ ተገኘ። እናንየ በሕይወት ተገላገለች። ያየችውንና የሰማችውን የነገረችን እሷ ናት። አባቷን እስከ ዛሬ ሐይቁ አልመለሰውም።

ዝም በሉ እስቲ!

ሰማችሁ? ሞተር ነው። ከሐይቁ ላይ። ሳል፣ ሳል… ቆመ።

ተነሡ! መቅዘፊያ አምጡ፣ ገመድ አምጡ! ሁላችንም ነው የምንሄደው፤ በሌሊት ብቻውን ሐይቅ የሚገባ የለም። ቆይ… እዚያ ጨለማው ውስጥ ከተቀመጣችሁት «ከኋላዬ ሰው አለ» ያለው ማነው?