የጉድጓዱ ውሃ ስንት ሰዓት ይፈጃል

የፕሮፌሰር ዝቮኒሚር ሬሳ ከጉድጓዱ በገመድ ተጎትቶ ሲወጣ ፊቱ አረንጓዴ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ሰባት ቦታ ተፈርክሷል፤ ደሙ በአረንጓዴው ላይ ወርዶ አንገቱ ሥር ደርቋል። ገመድ ጎታቾቹ ፖሊሶች ፊታቸውን አዞሩ። ኢንስፔክተር ነቨንካ ብርኪች ግን ጎንበስ ብላ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች። ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ ስታይ የኖረች ሴት ናት።

«ቀለሙ ከደሙ በታች ነው» አለችው ሐኪሙን።

«አዎ። ቀለሙን ውሃው ላይ በትኖ ገና እጁን ሳይታጠብ ነው የተመታው። ቢበዛ አምስት ደቂቃ።»

«መቼ?»

«እሱን አትጠይቂኝ። ይሄ ጉድጓድ ማቀዝቀዣ ማለት ነው። ትናንት ማክሰኞ፣ ከጎህ እስከ ከሰዓት በኋላ፣ የፈለግሽውን ሰዓት ውሰጂ።»

ሊካ በሚባለው የኖራ ድንጋይ አገር ወንዝ እንዲህ ባለ ጉድጓድ መሬት ገብቶ ሌላ ቀበሌ መውጣቱ ማንንም አይደንቅም። ዝቮኒሚር የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ በዚያ አገር እንዲህ ያለውም መምህር ፕሮፌሰር ይባላል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቹ ለአገር አቀፉ ውድድር ሥራ ይዘው ነበር፤ እሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወንዙን ቀለም ሲያለብስ እነሱ ታችኛው መንደር ምንጩ ዘንድ ቆመው ቀለሙ የሚወጣበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምንጩ አረንጓዴ ሲሆን ከስድስት ሰዓት ጀምረው ሲጠብቁ የነበሩት ሁለት ተማሪዎች አጨበጨቡ። መምህራቸው ያን ጊዜ በደሙ ተነክሮ ተዘርሮ ነበር።

ሰዓቱን ማስላት ለማንም አላስቸገረም። በትምህርት ቤቱ መተላለፊያ ላይ ትልቅ ገበታ ተሰቅሏል፦ ከጉድጓዱ እስከ ምንጩ፣ ኤፕሪል አምስት ሰዓት፣ ኦገስት አምስት ሰዓት፣ ኖቬምበር አምስት ሰዓት። ከአሥራ አንድ ላይ አምስት ሲቀነስ ስድስት ነው። እንግዲህ ቀለሙ የተጨመረው፣ ሰውየውም የተገደለው፣ ልክ በእኩለ ቀን ነው ተባለ። በእኩለ ቀን ከጉድጓዱ አጠገብ ብቻዋን የነበረችው ደግሞ ዶሮቴያ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ነበረች። ከሬሳው ሥር የተገኘው የድንጋይ መስበሪያ መዶሻም በስሟ ወጪ የተደረገ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ስልክ ደወለ፤ ሐሙስ ማታ መጥቶ ይወስዳታል።

ነቨንካ ልጅቷን በባዶ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ አብጧል።

«መዶሻው ያንቺ ነው?»

«ሰኞ ዕለት ጂኦግራፊ ክፍል መልሼዋለሁ። መዝገቡ ላይ መፈረም ረሳሁ።»

«ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ከቡድኑ አባረረኝና መጠይቅ ይዤ በየቤቱ እንድዞር አደረገኝ። ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንደሚጥል ስጠይቅ ነው የዋልኩት። የተጣላነው ‹ለምን ደግመን እንለካለን? ገበታው ላይ ተጽፎ የለም ወይ?› ብዬው ነው። ‹ያልለካሽውን አትጻፊ› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ሰው ፊት ‹ጅል ሽማግሌ› አልኩት።»

«ማክሰኞ ጧት የት ነበርሽ?»

«በአውቶቡስ ወደ ትምህርት ቤት እየመጣሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ፤ ከዚያ ረፋዱ ላይ ጉድጓዱ አጠገብ ወዳለው ላይኛው መንደር ወጣሁ።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሽማግሌው ሚሌ ነበር። የሞተ በጉን ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ የሚጥል ገበሬ ነው፤ ባለፈው ወር ዝቮኒሚርን በጠመንጃ አባሮታል። ነቨንካ ስትመጣ ከበረቱ በር ላይ ሆኖ ተቀበላት።

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው፣ ልጄ? ላሞቹን ካለብኩ በኋላ ይሁን።»

«ገደሉት እንዴ፣ አባባ?»

«ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሲሞት ግን አዘንኩ። ሰው እንዲህ ነው። ማክሰኞ የት ዋልክ ካልሽኝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መጠጥ ቤት ነበርኩ፣ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ለወተት መኪናው ወተት ሳስረክብ ሾፌሩ ምራቁን እየረጨ ሲሰድበኝ ነበር።»

«ወንዙ አስቸግሮዎት ያውቃል?»

«ኤፕሪል ላይ ጥጃዬን ጠራርጎ ወሰደብኝ እንጂ! አሁንማ ምን ወንዝ አለ? ዶሮዬ እግሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች።»

ነቨንካ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሳ ገበታው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ጥጃ የሚወስድ ውሃና ዶሮ የምትሻገረው ውሃ እኩል አምስት ሰዓት! ከገበታው ግርጌ «በፕሮፌሰር ቪንኮ ቶማይች የተለካ» ይላል።

ቪንኮ ሌላው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ተማሪን የወንዝ ርዝመት በማሸምደድ የታወቀ፣ በዚሁ ጥናት ሳቢያ ዘንድሮ የአማካሪ መምህርነት ማዕረግ ያገኘ ሰው። ከረባቱ ተስተካክሎ፣ ፊቱን ለሐዘን አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«ወንድሜ ነበር ማለት ይቻላል» አላት።

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ። የቀለሙን ቆርቆሮ በብብቱ ይዞታል፤ እሽጉ እንኳ አልተነካም። ‹እኩለ ቀን ላይ እጨምረዋለሁ› አለኝ። እኔ በእኩለ ቀን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ሃያ ስምንት ተማሪዎች ይመሰክራሉ።»

«አልጠየቅሁዎትም እኮ» አለች ነቨንካ፣ ፈገግ ብላ።

ሐሙስ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች ይዛ ጉድጓዱ ዘንድ ወጣች፤ ከትምህርት ቤቱ ያገኘችውን የመጠባበቂያ ቆርቆሮ ከፍታ ቀለሙን በእጇ ውሃው ላይ በተነችው። ከእኩለ ቀን ጥቂት ቀደም ብላ ዶሮቴያን፣ ሚሌንና ቪንኮን ታችኛው ምንጭ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ጠባቂ የነበሩት ሁለት ተማሪዎችም መጡ።

«ጧት አንድ ሰዓት ላይ ቀለም ጨምሬያለሁ» አለች። «ፕሮፌሰር ቪንኮ፣ መቼ ይወጣል?»

«አሁን። ስድስት ሰዓት ላይ» አለ ቪንኮ።

ስድስት ሆነ፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሰባትም፣ ስምንትም ሆነ። ሚሌ አይብና ዳቦ አውጥቶ ለተማሪዎቹ አካፈለ፤ ቪንኮ አልቀመሰም። «ድንጋይ ዘግቶት ይሆናል» አለ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ሚሌ፣ አፉን ሞልቶ። ዘጠኝ አለፈ። ዶሮቴያ ጉልበቷን አቅፋ ውሃው ላይ አፍጣለች፤ ዐቃቤ ሕጉ መንገድ ላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አሥራ አንድ ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከድንጋዩ ሥር ቀጭን አረንጓዴ ክር መጣ፣ ከዚያ ምንጩ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ።

«አሥር ሰዓት» አለች ነቨንካ። «አምስት አይደለም። በድርቅ ጊዜ ውሃው ይዘገያል፤ ማክሰኞም ድርቅ ነበር። ስለዚህ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወጣው ቀለም የተጨመረው በእኩለ ቀን ሳይሆን ጧት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሟቹ ተማሪዎቹን ‹ከስድስት ሰዓት ጀምራችሁ ጠብቁ› ማለቱም ለዚህ ነው። በስድስት የሚጨምር ሰው በስድስት ጠባቂ አያቆምም፤ የገበታው ቁጥር ልክ ከሆነ ቀለሙ እንዳያመልጣቸው ነው።»

«እና ይሄ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?» አለ ቪንኮ።

«ሰውየው ቀለሙን እንደጨመረ ነው የተመታው። ስለዚህ የሞተው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ዶሮቴያ አውቶቡስ ውስጥ ነበረች፣ አጣርቻለሁ። አባባ ሚሌም ከወተት ሾፌሩ ጋር ሲሰዳደቡ ነበር። እርስዎ ግን ከሞተ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ እሽጉ ያልተነካ ቆርቆሮ ይዞ አነጋገረኝ አሉ። ቀለሙ ወንዙ ውስጥ ነበር፣ ፕሮፌሰር! ሟችን አነጋገርኩ የሚለው የገዳይ አፍ ብቻ ነው።»



«የገበታው ቁጥር ሳይለካ የተጻፈ መሆኑን የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ አንዱን ገደሉት። የለኩት ኤፕሪልን ብቻ ነው፣ ሌላውን ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሞሉት። ዝቮኒሚር ደግሞ ሊለካው ነበር። መዶሻውን ከክፍሉ አነሡ፣ ከኋላው መጡ። ማታ ቀለሙ በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣ ሲባል፣ የራስዎ ውሸት እንደሚያድንዎት ገባዎት። ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ ሳይለካ የሚያምን መሰለዎት።»

ቪንኮ መጀመሪያ ከረባቱን ያዘ፣ ከዚያ ከምንጩ ዳር ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ፈነቀለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» እያለ ጮኸ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩትን በአንድ ቆርቆሮ ሊያጠፋው!» ወደ ነቨንካ ሮጠ። አንደኛው ፖሊስ ሊይዘው ሲል ድንጋዩ በፖሊሱ ፊት ላይ ወረደና አፍንጫው ደም ተፋ። ሚሌ ከተቀመጠበት ሳይነሣ በከዘራው የቪንኮን ጉልበት ገጨው፤ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ተሰማ። መምህሩ አረንጓዴው ውሃ ውስጥ በአፉ ተደፋ፣ እዚያው ካቴና ገባለት።

«በጉን ሳይሆን እሱን ነበር መጣል» አለ ሚሌ። ማንም አልሳቀም።

ቪንኮ ተጭኖ ሲሄድ ዶሮቴያ አለቀሰች። በሁለት ቀን ውስጥ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች፤ ነቨንካም አብራት ቁጭ አለች። ዐቃቤ ሕጉን ከመንገድ በስልክ መልሳዋለች።

«ይቅርታ ልጠይቀው ነበር» አለች ልጅቷ። «ረቡዕ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ቤትሽ ላድርስሽ?»

ልጅቷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «ቆይ። አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም፣ ሦስት ጊዜ ነው የሚለካው። ማክሰኞ አንድ፣ ዛሬ ሁለት። አንድ ይቀራል።»

«ጉድጓዱ አፍ ላይ መቆም ትችያለሽ? እሱ የወደቀበት ቦታ ላይ?»

«አልችልም» አለች ዶሮቴያ። ከዚያ ብድግ አለች። «ግን ነገ ጉድጓዱ ዘንድ በስንት ሰዓት ይወስዱኛል?»