እሜቴ የቆመችበት ጠዋት

ሽማግሌው የማሽን ክፍሉ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ከጎኑ መሰላል ወድቋል። ከራሱ የፈሰሰው ደም የመደርደሪያው እግር ሥር ደርሶ ረግቷል። ጫማው በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አቧራ ይገባል ብሎ እዚያ ክፍል የሚገባው ሁልጊዜ በነጠላ ጫማ ነበር።

መርማሪዋ ገብታ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘች።

ድርጅቱ የረጅም ርቀት አውቶቡስ ትኬት ይሸጣል። የትኬቱን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ክፍሉ መሃል የቆመው፣ ቁም ሣጥን የሚያህለው ማሽን ነው። የሚሠራበት ሥርዓት ዩኒክስ ይባላል። ማሽኑንም ሥርዓቱንም አንድ ፋብሪካ ሠርቶ አንድ ላይ ይሸጣል፤ ለጥገናውም በየዓመቱ ያስከፍላል። ውድ ነው፣ ግን አይወድቅም። ሽማግሌው ጸጉሩ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የሚንከባከበው እሱ ስለሆነ «እሜቴ» እያለ ይጠራው ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት እሜቴ ቀጥ አለች። አዳራሹ ውስጥ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ምን ሆነች ብሎ ሊያይ የሮጠው እዚያው የሚሠራው የሽማግሌው ሴት ልጅ ባል ነበር። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«ከመሰላል ወድቆ ነው» አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የመሰላሉን ደረጃዎች አየች። አቧራ ለብሰዋል፤ የእግር ምልክት የለባቸውም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ አወረደችው። ግርጌው ብቻ ተወልውሏል።

«ጫማውን አውልቆ የሚገባ ሰው፣ ይህን የመሰለ አቧራ ተሸክሞ ይገባል?» አለችው።

ከማሽኑ አጠገብ፣ ጎማ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተርሚናሉ ተቀምጧል፤ ከእሜቴ ጋር የሚነጋገሩበት ስክሪንና ኪቦርድ ነው። ገመዱ አጭር ነው። መርማሪዋ ገመዱ ማሽኑ ላይ የሚሰካበትን ነካ አደረገችው፤ ተወዛወዘ። በሁለት ብሎን የሚጠብቅ ነበር፣ ብሎኖቹ ግን ላልተዋል። ከጠረጴዛው ጎማ ሥር አዲስ ጭረት ወደ ግድግዳው ሄዶ ተመልሷል። ይህን ለማንም አልነገረችም።

ወደ ማሽን ክፍሉ የሚወስደው ኮሪደር ጥበቃ አለው። ያን ጠዋት ከሽማግሌው ሌላ ያለፉት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሥራ አስኪያጇ፣ አማቹ፣ እና ማሽኑን የሚሸጠው ኩባንያ ወኪል።

ሥራ አስኪያጇ ቀኝ እጇ ከክንዷ እስከ ጣቷ በጀሶ ታስሯል። ነገሩን በአጭሩ አስረዳች። ሊኑክስ የሚባል ከዩኒክስ ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት አለ፤ ለሥርዓቱ አይከፈልም፣ በየሱቁ በሚገኝ ተራ ማሽን ላይ ይሠራል። አማቹ ሁለት ተራ ማሽኖች ቀጣጥሎ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረከባል እያለ ሲከራከር ከርሟል። የትኛው እንደሚሻል ፈትኖ እንዲነግራት ያዘዘችው ሽማግሌውን ነው። ነገ ሊነግራት ነበር።

«ማንን የሚደግፍ ይመስልዎታል?»

«እሜቴን ነዋ። አማቹን እኮ ‹ነጻው› ነበር የሚለው። ‹ማሽኑንም በነጻ፣ ልጄንም በነጻ› ይል ነበር።» ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም።

አማቹ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ፖሊሶቹ በዓይናቸው ካሰሩት ቆይተዋል። በእሜቴ ላይ የሚከራከረው እሱ፣ ብቻውን የነበረው እሱ፤ ከሁሉም የባሰው ደግሞ ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ማሽኑን ማስነሳቱ ነው።

«አባባን ነካሁት፣ አይተነፍስም። ሥራ አስኪያጇ ሕዝቡ ሊያብድ ነው አለችኝ። እጄ ነው የሠራው፣ እኔ አልነበርኩም።»

«እንዴት አስነሳኸው?»

«አልጠፋም እኮ፤ ቆሞ ነበር። ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ይበሉት። ቀጥል የሚለውን ቃል ስጽፍለት ካቆመበት ቀጠለ።»

«እንደዚያ የሚያቆመው ምንድን ነው?»

ነገራት። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሰማችው። ከዚያ ይህን ለማንም እንዳይደግም አስጠነቀቀችው።

ወኪሉ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ንግግሩ የተስተካከለ ሰው ነው። ስለ እሜቴ ጥንካሬ ሳትጠይቀው ብዙ ነገራት። ሌሎቹ ደንበኞቹ የት እንዳሉ ስትጠይቀው ግን ድምፁ ወረደ። ባንኩ ወደ ሊኑክስ ሄዷል፣ ሆስፒታሉም ሄዷል። ሽማግሌውን ጠዋት ሰላም ብሎት እንደወጣ፣ ማሽኑ ሲቆም እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ብቻውን እንደነበር ተናገረ። ሰውዬው ሲወድቅ የማሽኑን የመብራት ገመድ ነቅሎ ይሆናል ብሎም ገመተ።

የሽማግሌው ልጅ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሰጥተዋት ተቀምጣለች። እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። አላለቀሰችም። የአባቷን ካፖርት ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

«ባሌን ሊወስዱት ነው አይደል?» አለች፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምትጠይቅ ሁሉ።

«ገና ነው ልጄ። አባትሽ ስለ ፈተናው ምን አለሽ?»

«ትናንት እራት ላይ ‹ባልሽ አሸነፈኝ› አለኝ። ሊኑክሱን ሦስት ጊዜ ፈትኖት ነበር። ባሌ ገና አልመጣም ነበር፣ አልሰማም። አባዬ ደግሞ ከሰው ጀርባ ነገር አይሠራም። ለአለቃው ከመንገሩ በፊት የሚጎዳውን ሰው ፊት ለፊት ይነግረዋል። ጠዋት እነግረዋለሁ አለ።»

«ማንን?»

ልጅቷ ካፖርቱን አጠፈች። «የሚጎዳውን ሰው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ወለሉ ታጥቦ ገና እርጥብ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ተጠጋግተው ቆሙ።

«ቦታ ጠበበን» አለች ወደ ወኪሉ ዞራ። «እስቲ ይቺን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳው ጠጋ ያድርጉልኝ።»

ወኪሉ ደስ ብሎት ጠረጴዛውን ገፋ። ገመዱ ያዘው። ጎንበስ ብሎ፣ የቤቱን ራዲዮ እንደሚነቅል ሰው፣ ከማሽኑ ላይ ነቀለው።

አማቹ እጁን ዘርግቶ ነበር፣ ዘገየ። ትንሽ ቆይቶ ከአዳራሹ የሰው ጉምጉምታ መጣ።

«ምን ሆነ?» አለ ወኪሉ።

«እሜቴ ቆመች» አለች መርማሪዋ። «የዚህ ማሽን ጠባይ ነው፤ ተርሚናሉ ሲነቀል ቀጥ ይላል። የተራ ማሽን ኪቦርድ ቢነቀል ምንም አይሆንም፣ ይቺ ግን ትቆማለች። ሽማግሌውን በእሳት ማጥፊያው የመታው ሰው የወደቀ ለማስመሰል መሰላል አመጣ። መሰላሉን ለማጋደም ቦታ አጣ። ጠረጴዛውን ገፋ፣ ገመዱ አጠረው፣ ነቀለው፤ ሲጨርስ መለሰው። ብሎኖቹን ማጥበቅ ግን ረሳ። ማሽኑ መቆሙን አላወቀም።»

መርማሪዋ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ሥራ አስኪያጇ በአንድ እጅ መሰላል አትሸከምም። አማቹ የገመዱን ነገር ያውቃል፤ ሥራ በጀመረ ሰሞን ነቅሎት ሽማግሌው ጆሮውን ይዞታል። ማሽኑ እንዲቆም ፈልጎ ቢሆን ደግሞ መልሶ አያስነሳውም ነበር። ሽማግሌው ሊኑክስ ይሻላል ሊል ነበር፤ ልጁ መስክራለች። ይህን ጠዋት ፊት ለፊት የነገረው ለሚጎዳው ሰው ነው።» ወደ ወኪሉ ቀረበች። «ስትሸጠው ኖርክ እንጂ አንድ ቀን ነክተኸው አታውቅም። ብሎኑ ላይ የጣት አሻራ አንስተናል። የቀረን ያንተ ነው።»

ወኪሉ በእጁ የያዘውን ገመድ አየ። የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

«ይቅርታ ጠየቀኝ እኮ» አለ። «ሌሎቹ ደንበኞች ሲሄዱ በደብዳቤ ነው የነገሩኝ። እሱ ሻይ ይዞልኝ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። አይወድቅም እያልኩ ነበር የኖርኩት። ይቺ ብቻ ነበረች የቀረችኝ።»

ፖሊሱ ገመዱን ከእጁ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወኪሉን ይዞት ወጣ።

አማቹ ገመዱን ሰክቶ ሁለቱን ብሎኖች አጠበቀ። ኪቦርዱን ግን አልነካውም። ሚስቱ ካፖርቱን እንደታቀፈች ከኮሪደሩ ገባች።

«ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

ነገራት። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። በአንድ ጣት ጻፈችው። እሜቴ ካቆመችበት ቀጠለች፤ አዳራሹ ውስጥ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ጥቂት ቆማ ስክሪኑን አየችው። ከዚያ በር ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሆዷ እያስቸገራት፣ የአባቷን ጫማ አነሳች።