ከፊኛው ጀርባ

ዶክተር ሥምረት ጠዋት ጠዋት የተኙ በሽተኞችን ስትጎበኝ ሁልጊዜ ከጥግ ካለው አልጋ ነበር የምትጀምረው። ሆስፒታሉ ወደ ጠረፍ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ነው፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድበው ሐኪምና በሽተኛ የሚደማመጡት አፍና ጆሮ ገጥመው ነው፤ የአልኮል፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ሽታ ተደባልቆ ኮሪደሩ ላይ ይተኛል። እሷ ይህን ሁሉ ለምዳዋለች። በሽንት ቧንቧና በሆድ ዕቃ ሕመም ሠልጥና ከመጣች ወዲህ እንቁላል የሚያህል የፊኛ ጠጠር አውጥታለች፣ ተጠማዝዞ የጠቆረ አንጀት ቆርጣለች፤ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ሆድ አለ ብላ አታስብም ነበር።

ደርሶን ያመጡት በገመድ አስረው ነው።

ጎልማሳ፣ መልከ መልካም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ገበሬ ነበር። ከእምብርቱ በታች ሆዱ እንደ ቅል አብጦ ሽንት እምቢ ብሎታል። የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ ጠምጥሞ የቆመው ታላቅ ወንድሙ ቸኮል ነው፤ የግራ ጆሮው ግማሹ የለም።

«ገመዱን ይፍቱለት እንጂ፤ በሽተኛ አይደል እንዴ?» አለችው ሥምረት።

«ዶክተር፣ ሲያመው ሰው አይምሰልዎ» አለ ቸኮል ዓይኑን ከወንድሙ ላይ ሳያነሳ። «ይኸን ጆሮዬን በጥርሱ ነው የወሰደው። የአባታችንንም መንጋጋ ሰብሮታል። ደግነቱ ብዙ አይቆይም፤ ሆዱን ይዞ ይወድቅና ሲጮህ ሲጮህ ይበርድለታል።»

«ሕመሙ ነዋ የሚያሳብደው።»

«እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

ቱቦ አስገብታ ሽንቱን ስትለቅለት ደም የቀላቀለ ድፍርስ ፈሳሽ የሽንት መያዣ ከረጢቱን ሞላው። እብጠቱ ግን እኩሌታው ብቻ ጎደለ፤ በግራ በኩል አንድ ጠጣር ነገር ቀረ። መዳፏን አሳርፋ ጫን ስትለው፣ ተኝቶ ጎኑን እንደሚለውጥ ሰው ከእጇ ሥር ቀስ ብሎ ዞረ። አንጀት ነው አለች በልቧ።

«ሰው ሲነካው አይወድም» አለ ደርሶ።

በአልትራሳውንዱ ከፊኛው ጀርባ ውኃ ያቆረ ከረጢት ታያት፤ በውስጡም ተደርድረው የቆሙ ትናንሽ አጥንቶች። በትምህርት ቤት ያነበበችው ነገር ነው፤ በማሕፀን ሳለ ወደ መንትያው ሆድ ገብቶ የቀረ ጽንስ፣ በዓለም ላይ ከስንት አንዴ የሚገጥም። እንዲህ ያለው ነገር የራሱ ልብ አይኖረውም። እዚያ መሀል የሚመታው ነገር ከደርሶ ልብ ቀርፈፍ ያለ ቢሆንባትም የትልቁ ደም ሥር ትርታ ነው ብላ ማሽኑን አጠፋች።

ነገሩን ስታስረዳቸው ቸኮል አማተበ። ደርሶ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ያውጡልኝ ዶክተር። ታስሬ ነው የኖርኩት።»

ከሰዓት በኋላ አጠገቡ የተኛ ሽማግሌ ብርድ ልብሱን በስሕተት ሳበበት። ለምርመራው ገመዱ የተፈታለት ደርሶ ተነሥቶ የሽማግሌውን ጭንቅላት በሁለት እጁ ያዘና ከአልጋው ብረት ጋር አጋጨው፤ ደግሞ አጋጨው፤ ግድግዳው ላይ ደም ተረጨ። ለሦስተኛ ሲያነሣው በድንገት ጭምድድ ብሎ ሆዱን ያዘ፣ እንደ በሬ እያጓራ ወለሉ ላይ ተዘረረ። የክፍሉ ነርስ ሲስተር አዛለች የሽማግሌውን ራስ በፋሻ እየጠቀለለች «ሕመሙ ጠናበት፤ ቶሎ ይሠራለት» አለች። ሥምረትም ለማግስቱ ቀጠረችው።

ሆዱን ስትከፍተው መብራቱ ሄደ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ግንባሯ ላይ ያሰረችው ባትሪ ብቻ ቀረ፤ ከእሱ ውጭ ያለው ሁሉ ጨለማ፣ የዝናብ ጩኸትና የትኩስ ደም ሽታ ነው። ከረጢቱን ስትቀደው መጀመሪያ ጠጉር ወጣ፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ቅባት የጠጣ ጠጉር። ከዚያ ነጣ ያለ ቆዳ። ከዚያ የአውራ ጣት የምታህል እጅ፣ የኩላሊቱን ደም ሥር ጨብጣ። ሥምረት በመቆንጠጫ ሳብ ስታደርጋት ጣቶቹ ጠበቁ።

«ዶክተር፣ ያዘ እኮ!» አለች አዛለች።

«ዝም በይና የቁስሉን አፍ ሰፋ አድርገሽ ያዢልኝ።»

ጣቶቹን በመቀስ አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው። እያንዳንዱ ሲቆረጥ ቀጭን ድምፅ ነበረው፤ የመጨረሻው ሲለቅ ደሙ ፈንድቶ ጭምብሏን አለበሰው። እጇን እስከ ክርኗ ከታ፣ በዳሰሳ ደም ሥሩን አግኝታ አሰረችው። ሳህኑ ላይ የተጣለው ነገር በፋሻው ሥር ሲፍቅ፣ ሲፍቅ ቆየ፤ አዛለች ፊቷን አዞረች። ጣት የሌላት እጅ ወደ ደርሶ ተዘርግታ፣ አይሆንም እንደሚል ሰው ግራና ቀኝ ተወዛወዘችና ተወች።

ደርሶ ዳነ። ቱቦው ወጣለት፣ በራሱ ሸና፣ በላ፣ ሳቀ። ለብቻው ክፍል ሰጡት፤ ቸኮልም ገመዱን ጣለና እንደ ሕፃን ያጎርሰው ጀመር።

በሚወጣበት ቀን ሥምረት ቁስሉን ለማየት ገባች። መጋረጃው ተዘግቶ ክፍሉ ጨልሟል፤ ደም ደም ይሸታል። ስፌቱ ተከፍቶ ይሆናል ብላ ወደ አልጋው ሮጠች። አልጋው ባዶ ነው፤ ከአልጋው ወዲያ ቸኮል ተጋድሟል። ደረቱ ወደ ጣሪያው፣ ፊቱ ወደ ወለሉ። ደሙ አፉ ከተጫነው ወለል ላይ ቀስ እያለ ወደ ጫማዋ ይፈሳል።

ደርሶ በሩ አጠገብ ቆሞ እጁን በአንሶላ ይጠራርግ ነበር።

«አመመህ?» አለችው።

«የለም ዶክተር» አለ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ በሩን ቀስ አድርጎ እየዘጋ፤ «ሰው ልመታ በተነሣሁ ቁጥር ሆዴን ጨምድዶ የሚጥለኝ እሱ ነበር፤ እርስዎ ገላገሉኝ።»