ሰባተኛው ስም ሲጠራ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን መጀመሪያ ያዙልኝ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ሆሳዕና ተወልጄ ያደግሁ፣ ከሺንሺቾ ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር፣ ቅዳሜ ወደ ቤቴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰዎች ስለ መንፈስና ስለ ጅን ሲያወሩ "እስቲ ክብደቱ ስንት ኪሎ ነበር?" እያልኩ የማበሽቅ፣ በዚህም ሁለት ጊዜ ከትልልቅ ሰዎች ጋር የተኳረፍኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ወድጄ አይደለም፣ እንዲያውም ባይደርስብኝ ደስታዬ ነበር።

የትምህርት ቤታችንን የሙዚቃ ክበብ የያዝኩት እኔ ነኝ። የፊዚክስ አስተማሪ እዚያ ምን ይሰራል ካላችሁኝ፣ ዳይሬክተሩ "ድምፅ ፊዚክስ አይደለም እንዴ?" ብሎ አሸከመኝ፣ ልጅ ሆኜም ቤተክርስቲያን ኳየር ውስጥ ስለነበርኩ አፌን ሞልቼ አልችልም ማለት አልቻልኩም። ንብረታችን ሁለት ቁልፉ የማይሰራ ኪቦርድ፣ አንድ ከበሮ፣ ሚኒ ሚዲያ ክበብ በፈለገ ቁጥር መጥቶ የሚወስድብን ስፒከር ነው። ልጆቹ ግን፣ እመኑኝ፣ ልጆቹ ሌላ ናቸው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲዘመር እየሰሙ ስላደጉ ማንም ሳያስተምራቸው ድምፅ ተከፋፍለው ይዘፍናሉ።

ስም የምጠራውም በኳየሩ ደንብ ነው። ልጁ ስሙን ስጠራ "አቤት" የሚለው በዜማ ነው፣ ቀጭኑ በቀጭን፣ ወፍራሙ በወፍራም፣ ብሎም አያቆምም፣ እየተነፈሰ ይዞት ይቆያል፣ የሚቀጥለው ይጨመርበታል፣ የመጨረሻው ስም ሲጠራ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል። የስም ጥሪውም ድምፅ ማሟሟቁም በአንድ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። የቀረ ልጅ ካለ ቀና ብዬ ሳላይ በጆሮዬ አውቃለሁ።

ሰባተኛው ስም ምህረቱ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል፣ ረጅም፣ አቀርቅሮ የሚሄድ፣ ድምፁ ግን የትልቅ ሰው፣ ከሁሉም በታች ያለውን ድምፅ ብቻውን ይይዘው ነበር። ምህረቱ ሄደ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ በእግርና በጭነት መኪና በሚኬድበት መንገድ። ከመሄዱ በፊት ክፍሌ በር ላይ ቆሞ "ቲቸር፣ ልሄድ ነው፣ ምን ይሉኛል?" ብሎ ጠይቆኛል። "ተማር" ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ያኔ ከሱ በፊት ያስተማርኳቸው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው ባጃጅ ተራ ቆመው የሚውሉት ልጆች ትዝ አሉኝ፣ አፌን መልሼ ዘጋሁ። "እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን" አልኩት። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አላልኩትም። አስተማሪ ተብዬ!

እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ የሄደ ልጅ ደርሶ እስኪደውል ድረስ ሄደ አይባልም። ፖሊሱም ይፈራል፣ ነገሩ ቶሎ ከተወራ መንገዱ ይበላሻል የሚልም አለ። ቤተሰቡ "ሀዋሳ አክስቱ ጋ ነው" ይላል፣ ጎረቤቱ ሁሉን እያወቀ "ሀዋሳ ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል። የምህረቱ እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው "ቲቸር፣ የልጄን ስም እንዳይሰርዙብኝ፣ ሀዋሳ ነው ያለው፣ ይመጣል፣ ሌሎቹን ሲጠሩ እሱንም ይጥሩልኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ "ምህረቱ!" እላለሁ፣ ከሱ በፊት የምትጠራው እህቱ አስቴር ዜማዋን ታቋርጥና "ሀዋሳ ነው፣ ቲቸር" ትላለች፣ እኛም እንቀጥላለን። ከመስኮቱ ሥር በነበረው ቦታውም ማንም አይቆምም። የመጨረሻ ስልኩ ከሞያሌ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ምንም።

ያ ቀን ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ግድም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ነው፣ መብራት የለም። ኪቦርድ የሚጫወተው ነስሩ ሥራ ስለፈታ ከዘፋኞቹ ጋር ተሰልፏል። ነስሩ እኔን ጨምሮ የሁሉንም አስተማሪ ድምፅ እያስመሰለ ሰው ሲያስቅ የሚውል ልጅ ነው፣ ይሄን የምነግራችሁ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ስለሆነ ነው። በክፍሉ ውስጥ አስራ አንድ ልጆች ነበሩ፣ ስሞቹ ከነምህረቱ አስራ ሁለት።

ወረቀቱን ሳወጣ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ቀነሰ፣ ያኔ ከኋላ ጫማ ሲሚንቶ ላይ ሲፋቅ ሰማሁ፣ ሰው ቦታውን ሲይዝ እግሩን እንደሚያስተካክለው። ቀና ብል ኋላ የቆሙት ሁለት ልጆች ባዶውን ቦታ እያዩ ነው፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። አይጥ ይሆናል ብዬ መጥራት ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ እያለ ስድስት ደረሰ፣ አስቴር "አቤት" ብላ ያዘች። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ "ምህረቱ!" አልኩና "ሀዋሳ ነው" እስክትል ጠበቅሁ።

አስቴር አላቋረጠችም። ከሁሉም ድምፅ በታች፣ ቀስ ብሎ፣ "አቤት" የሚል መጣ።

አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ የጎደለው ድምፅ ሲሞላ ጆሮዬ ከኔ ቀድሞ ተደሰተ፣ አፌም በልማድ ስምንተኛውን ስም ጠራ። ከዚያ ነው የነቃሁት። ነስሩን አየሁት፣ እሱ አስረኛ ነው፣ ተራው አልደረሰም፣ አፉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ዓይኑ ግን ሊወጣ ደርሷል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እስከ አስራ ሁለተኛው ጠርቼ ጨረስኩ፣ ልጆቹም በየተራቸው መለሱ፣ ክፍሉ ሞላ። እጄን አንስቼ አቁሙ አልኩ፣ ሁሉም አቆሙ።

ያ ድምፅ አላቆመም። አስራ አንዱም አፍ ተዘግቷል፣ እያንዳንዱን አይቻለሁ፣ ድምፁ ግን ከመስኮቱ ሥር እንደተያዘ ነው። በልቤ ሃያ ቆጠርኩ፣ ትንፋሽ አልወሰደም፣ የትኛውም ዘፋኝ ያን ያህል አይችልም። ከዚያ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና መጨረሻው ላይ ብዙ የሮጠ ሰው ቁና ቁና ሲተነፍስ የመሰለ ነገር ተሰማ፣ ሦስት ጊዜ፣ ዝናቡም ተመልሶ ቆርቆሮው ላይ ወረደ።

አስቴር ወደ መስኮቱ ዞራ በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቀች። እኔ የሀዲያ ልጅ ነኝ፣ ከምባትኛዬ ብዙም አይደለም፣ ግን ያን ጥያቄ ማንም ይረዳዋል፣ "የት ነህ?" ነው ያለችው።

በማግስቱ ብቻዬን ገብቼ ክፍሉን መረመርኩ፣ አጨበጨብኩ፣ ጮህኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ ዘጋሁ፣ የቆርቆሮ ንዝረት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ስንት ነገር ሞከርኩ። ገና እዚያው እያለሁ የምህረቱ እናት መጡ። ፊታቸው በርቷል። አስቴር ነግራቸዋለች።

"መለሰ አይደል፣ ቲቸር? ሲጠሩት መለሰ አይደል?"

"አዎ፣ መለሰ" አልኩ።

"አለ ማለት ነው። የሌለ ሰው አይመልስም።"

እኔ በልቤ ያሰብኩት ተቃራኒውን ነው። በሕይወት ያለ፣ በሰው አገር ጫካ ውስጥ የሚሄድ ልጅ እኔ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንዴት "አቤት" ይላል? ይሄን ለእናት እንዴት እነግራለሁ? በሚቀጥለው ሐሙስ መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጠራሁት፣ ምንም። "ይድገሙት" አሉኝ፣ ደገምኩት። ሦስተኛ ጠራሁት። "ዛሬ ርቆ ይሆናል" ብለው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ አንድም ሐሙስ አልቀሩም፣ ምህረቱ ግን አልመለሰም፣ እስካሁንም አልደወለም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ምንኛ በወደድኩ። ከወር በኋላ ነስሩ ጠፋ። ማንም ምንም አልነገረኝም፣ ስሙ ጋ ስደርስ፣ ገና ሳልጠራው፣ አንድ ልጅ ከኋላ "ሀዋሳ ነው፣ ቲቸር" አለ፣ ገባኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ዘጠነኛውን ጠርቼ ወደ አስራ አንደኛው ዘለልኩ። ልጆቹ ቀና ብለው አዩኝ። ስሙን ብጠራውና ከኪቦርዱ አጠገብ አንድ ነገር "አቤት" ቢል ምን ልሆን ነው?

የነስሩ አባት ጋሽ ከድር ናቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሆሳዕና የምሄድበት ሚኒባስ ሹፌር። ባለፈው ቅዳሜ ጋቢና አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ ፊታቸውን ከመንገዱ ሳያዞሩ፣

"ቲቸር፣ የዚያን ልጅ ነገር ሰምቻለሁ። ነስሩንስ ጠራኸው?" አሉኝ።

አልጠራሁትም ማለት ነበረብኝ። ፈርቼ ዘለልኩት ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እሳቸውም እንደ ምህረቱ እናት ማመናቸውን ሳላስብ፣ የሚያጽናናቸው መስሎኝ፣ ሞኙ እኔ፣ "ጠርቼው ነበር፣ አልመለሰም" አልኩ።

"አልመለሰም?"

"አልመለሰም፣ ጋሽ ከድር።"

መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙ። ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ሰምቷል፣ አንድም ሰው እንሂድ አላለም። ጋሽ ከድር መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን አሳረፉበት፣ "ያ ረቢ፣ ልጄን" አሉ። ያኔም እንኳ አልጠራሁትም አላልኩም። ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን እንደዚያ ካልኩ ሐሙስ መጥተው እፊቴ ተቀምጠው እንደሚያስጠሩኝ አሰብኩ።

ነገ ሐሙስ ነው። የምህረቱ እናት ይመጣሉ፣ ጋሽ ከድርም በጆሯቸው ካልሰሙ እንደማያምኑ መልእክት ልከውብኛል። እጠራዋለሁ እንግዲህ፣ ማምለጫ የለኝም። እንዲመልስ ልመኝ ወይስ እንዳይመልስ፣ እሱን ግን እስካሁን አላወቅሁም።